«መኪናህ እንዴት ናት?» ከማለት በፊት፦ አስተማማኝ ሴዳን ከባለቤቶች ልምድ የመምረጫ መመሪያ

መኪና ያለውን ሰው «መኪናህ እንዴት ናት?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ገና ሳይናገረው ይታወቃል፦ «አሪፍ ናት፤ እስካሁን አላስቸገረችኝም።» ሰውየው እየዋሸ አይደለም። ጥሪቱን አራግፎ የገዛትን መኪና በሰው ፊት ማማት ራሱን እንደማማት ስለሚሆንበት ነው።

የመጀመሪያዋን ሴዳኔን የገዛሁት በዚሁ መልስ ነው። አራት ሰው ጠየቅሁ፣ አራቱም አሞገሱልኝ። በስምንተኛው ወር ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ አለች፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው ተባለ። ወደ አራቱ ሰዎች ተመልሼ ስጠይቅ የሦስቱ መኪና ማንዋል ኖሯል፤ የእኔዋ አውቶማቲክ ናት። አራተኛው ደግሞ «እሱማ እኔም ገና እንደገዛኋት ካምቢዮዋን አስቀይሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ኮሽ ብላ አታውቅም» አለኝ። ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣ ስል፣ ስለ ካምቢዮ ጨርሶ እንዳልጠየቅሁት ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለራሴም ሆነ ለዘመድ ወዳጅ መኪና ስፈልግ የምሄድበት ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

ደረጃ 1፦ ስሙን ትታችሁ ሞተሩንና ካምቢዮውን ያዙ

«ኮሮላ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ኮሮላ ከ1966 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመረት ኖሯል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከስሙ በቀር ሳይለወጥ የቆየ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በአንድ ወቅት የተሠሩት እንኳ አንድ አይደሉም፦ ከ2006 ወዲህ ለጃፓን ገበያ የወጣው ኮሮላ አክሲዮ ለሌላው ዓለም ከወጣው ኮሮላ ጠበብ ያለ ነው፤ ሞተሩም ብዙ ጊዜ ይለያል።

አስተማማኝ የሚሆነው ወይም ባለቤቱን የሚያስለቅሰው፣ አንድ የታወቀ ሞተር ከአንድ የታወቀ ካምቢዮ ጋር፣ በታወቁ ዓመታት ሲገጠም ነው። ከ2012 እስከ 2016 የወጣውን ፎርድ ፎከስ ተመልከቱ። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ከቆመበት ሲነሳ በመንቀጥቀጡ ስሙ ጠፍቷል። ማንዋሉ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ከማርሽ ዘንጉ በቀር የሚለያቸው አታገኙም።

የ2007 እስከ 2009 ቶዮታ ካምሪም እንዲሁ ነው። ባለ 2.4 ሊትሩ አራት ሲሊንደር ሞተር በፒስተን ሪንጎቹ ምክንያት ዘይት የመብላት ችግር ነበረበት፤ ቶዮታም ለዚሁ የዋስትናውን ጊዜ አራዝሟል። በዚያው ዘመን የወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ካምሪ ይህ በሽታ የለበትም። ሆንዳ ሲቪክ ከ2006 እስከ 2008 (እና የ2009 መጀመሪያዎቹ) ባለ 1.8 ሊትር ሞተሩ ብሎኩ እየተሰነጠቀ የራዲያተር ውሃ ያፈስ ነበር። ከ2011 እስከ 2014 በወጣው የሂዩንዳይ ሶናታ ባለ 2.0 እና 2.4 ሊትር ሞተር ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ የዘይቱን መንገድ እየዘጋ ሞተሩን እስከ መንከስ (ተጣብቆ እስከ መቆም) አድርሶታል፤ በ2015 እና በ2017 ለጥገና እንዲመለሱ የተጠሩት ለዚህ ነው። የ2013 እና ተከታዮቹ ዓመታት ኒሳን አልቲማና ሴንትራ ደግሞ ሲቪቲ በሚባለው ማርሽ አልባ ካምቢዮ ሳቢያ የተራዘመ ዋስትና የተሰጣቸው ናቸው። እነዚህን የጠቀስኩት የትኛውም ስም ከጥፋት ነፃ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ አምስቱም ፋብሪካዎች ከእነዚሁ ጎን እንደ በቅሎ የሚያገለግሉ ሴዳኖች ሠርተዋል።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና በዓይናችሁ የገባችውን መኪና በአንድ መስመር ጻፏት፦ ስም፣ የምርት ዘመን፣ የሞተር መጠን፣ የካምቢዮ ዓይነት፣ የተሠራችለት ገበያ። ይህን ከሻጩ አፍ አትውሰዱት። የሻንሲ ቁጥሩ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ወይም በፊት መስታወቱ ግርጌ አለ። 17 ሆሄ ያለው ከሆነ ዓለም አቀፉ ዓይነት ነው፤ ለሰሜን አሜሪካ በተሠሩት ላይ አሥረኛው ሆሄ የምርት ዘመኑን ይናገራል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላቸው፤ ከፊት የሚመጡት ሆሄያት ሞተሩንና የትኛው ትውልድ መሆኑን ይነግሯችኋል።

ደረጃ 2፦ ማንን እንደምትጠይቁ ለዩ

ከስድስት ወር በፊት የገዛ ሰው ስለ ወንበሩ ምቾትና ስለ ዕቃ መጫኛው ስፋት ይንገራችሁ፤ ስለ አስተማማኝነት ግን ገና የሚያውቀው የለም። እናንተ የምትፈልጉት ቢያንስ ሦስት ዓመት የያዛትንና ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄድ ያያትን ነው።

ከሁሉ ደግሞ ሸጦ የተገላገለን ሰው አስበልጣለሁ። የሚከላከልለት ምርጫ የለውም፤ የሚሸጥላችሁ ነገርም የለውም። «ለምን ሸጥካት?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታውን ለመሙላት ሲል ብዙ ይናገራል።

የታክሲ ሾፌር ኪሎ ሜትር በመብላት የሚያህለው የለም፤ ቃሉን ግን መተርጎም ያስፈልጋል። የታክሲ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሙቅ ነው፤ ጠዋት አንዴ ይነሳል፣ ማታ ይጠፋል። ሞተርን አብዝቶ የሚጎዳው ደግሞ በብርድ መነሳትና ሳይሞቅ መጥፋት ነው። ቤትና ሥራ ቦታው ቅርብ ለቅርብ የሆነ ሰው በሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያየውን የሞተር ድካም፣ ታክሲው በአራት መቶ ሺህም ላያየው ይችላል። ስለ እግሩ፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ወንበሩ ግን ከታክሲ ሾፌር በላይ ምስክር አታገኙም።

መካኒክም ጠይቁ፤ ግን እሱ ዘንድ የሚመጣው የታመመ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ የአገሩን ጤና እንደመለካት ነው። ለመካኒክ የሚሆነው ጥያቄ «ይቺ መኪና ስትመጣ ብዙውን ጊዜ በምንድን ነው የምትመጣው?» የሚለው ነው። የመለዋወጫ ነጋዴውንም «ለዚህ ሞዴል ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባችሁ ዕቃ የትኛው ነው?» በሉት። የፍሬን ሸራና ፊልትሮ ካለ ደግ ነው። የራዲያተር ፓምፕ ወይም የካምቢዮ ዕቃ ከጠራ ያዝ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ የሚለካ ጥያቄ ጠይቁ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። «ጥሩ ናት?» የሚለውን ጥያቄ እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት። መልሱ በቁጥር፣ በቀን ወይም በዕቃ ስም ብቻ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ጠይቁ።

አንድ ጊዜ ለእህቴ መኪና ስናፈላልግ ያነጋገርኳቸውን አንድ ጎልማሳ አልረሳም።

«ጋሼ፣ መኪናዎ ዘይት ትበላለች?»
«ኧረ በጭራሽ! የሷን ሞተር የሚያህል የለም።»
«ከአንዱ ዘይት ቅያሪ እስከ ሌላው ምንም አይጨምሩም?»
«አይ፣ ያው ትንሽ ነው። አንድ ሊትር ብጨምር ነው።»
«በስንት ኪሎ ሜትር?»
«በ... ሺህ፣ ሺህ ሁለት መቶ። ይሄማ የመኪና ወግ ነው፣ ልጄ።»

በ5,000 ኪሎ ሜትር ሲሰላ ከአራት እስከ አምስት ሊትር ነው፤ ማለትም ሞተሩ የሚይዘውን ያህል ዘይት። ቶዮታ ከላይ ላነሳሁት ካምሪ ጥገና ያስፈልገዋል ያለው ከ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ባነሰ መንገድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ሲበላ ነው። የጋሼ መኪና ከዚያ ታልፋለች። እሳቸው ግን አልዋሹም፤ ዘይት መጨመር ጎማ ውስጥ ነፋስ እንደማስሞላት ሆኖባቸው ከችግር ተራ አውጥተውታል። በመጀመሪያው መልስ ተደስቼ ብመለስ ኖሮ ወረቀቴ ላይ «ዘይት አትበላም» ብዬ እጽፍ ነበር።

እኔ የማልተዋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

– ባለፉት ሁለት ዓመታት ጋራዥ የገባችባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ንገረኝ። ምን ተሠራ?
– መንገድ ላይ አቁማህ ታውቃለች? በምን?
– በዘይት ቅያሪዎች መሀል ስንት ትጨምራለህ? የራዲያተር ውሃስ?
– የካምቢዮ ዘይት መቼ ተቀየረ? በስንት ኪሎ ሜትር?
– የዳሽቦርድ መብራት በርቶ «ምንም አይደል» የተባልክበት ጊዜ አለ?
– ጋራዥ ሥራው ብሎህ እስካሁን ያልሠራኸው ምን አለ?
– ለወንድምህ ትሸጥለት ነበር?

ከነዚህ ውስጥ ስድስተኛው ወርቅ ነው። ስለተሠራው ሰው በኩራት ያወራል፤ ያልተሠራውን ግን ካልጠየቃችሁት አያነሳውም። የመጨረሻው ለማሾፍ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ከመልሱ ይልቅ ከመልሱ በፊት የሚፈጀውን ጊዜ እዩ።

ደረጃ 4፦ መልሱን በሦስት ክፈሉት

የሰማችሁትን ሁሉ በአንድ ቁና ከሰፈራችሁት ትሳሳታላችሁ። ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ያለቀ፣ የታመመ፣ ያናደደ።

«ያለቀ» ማለት ሸራ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ባትሪ፣ የእግር ላስቲኮች (ቡሺንግ)፣ መጥረጊያ ነው። የማንም መኪና ይጨርሰዋል። ባትሪ በአራተኛው ዓመት ሞተ ብሎ መኪናዋን የሚረግም ሰው አጋጥሞኛል፤ እሱን ማጽናናት እንጂ ማመን አያስፈልግም። «የታመመ» ጊዜው ሳይደርስ የወደቀ ዋና ነገር ነው፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ የማቀዝቀዣ ክፍል፣ መሪ፣ የኤሌክትሪክ መስመር። «ያናደደ» ደግሞ ስልክ ከስክሪኑ ጋር አልገናኝ ሲል፣ የነፋስ ድምፅ፣ የሚቆረቁር ወንበር ነው። እሱም ዋጋ አለው፤ በየቀኑ የምትቀመጡበት እናንተ ናችሁና። ነገር ግን መንገድ ላይ አያስቀርም።

ትላልቆቹ የባለቤቶች ጥናቶችም ቢሆኑ በዚሁ መነጽር መነበብ አለባቸው። የአሜሪካው የጥናት ድርጅት ጄ.ዲ. ፓወር ሦስት ዓመት የሆናቸውን መኪኖች ባለቤቶች ይጠይቅና ለ100 መኪና የደረሰውን የችግር ብዛት ያወጣል፤ ከሚቆጠሩት ችግሮች ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን የስክሪንና የስልክ ግንኙነት ጉዳይ ነው። አንድ ሴዳን ዝቅ ብሎ ብታዩት ሞተሩ ይሁን ብሉቱዙ ያወረደው ሳታዩ አትፍረዱ። የአሜሪካው የሸማቾች ድርጅት ኮንሲዩመር ሪፖርትስ ከአባላቱ የሚሰበስበውን ሲያሰላ የሞተርና የካምቢዮ ችግር ከትናንሾቹ የበለጠ እንዲመዝን ያደርጋል፤ ለዚህ ዓላማ እሱ ይሻለኛል። የጀርመኑ የአሽከርካሪዎች ማኅበር አዳክ ደግሞ መንገድ ላይ ቆመው እርዳታ የጠሩትን መኪኖች ይቆጥራል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ ባትሪ ነው።

ደረጃ 5፦ ብዛቱን ሳይሆን መመሳሰሉን ፈልጉ

ብዙ የተሸጠ መኪና ብዙ ወቀሳ ቢኖረው አይግረማችሁ። ሚሊዮን ሰው ከሚነዳው መኪና ሺህ ቅሬታ ቢመጣ፣ አሥር ሺህ ሰው ብቻ ከሚነዳው መቶ ቅሬታ ከመጣው እጅግ ይሻላል። ስለዚህ የቅሬታውን ቁጥር ሳይሆን ቅርጹን እዩ። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንዱን ዕቃ፣ በተቀራራቢ ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ዓይነት ምልክት ሲጠሩት ከሰማችሁ ያ ዕድል አይደለም፤ የአሠራር ጉድለት ነው። አንዱ ስለ መብራት፣ ሌላው ስለ በር፣ ሌላው ስለ ፓምፕ ካለቀሰ ግን እርጅና ወይም አያያዝ ነው።

የሚደጋገም ጥፋት ሁሉ ደግሞ አያስፈራም። ቀድሞ የታወቀ፣ ዕቃው የሚገኝ፣ በአንድ ቀን የሚሠራ ከሆነ ለእኔ ካልታወቀ ንጹሕነት ይበልጥብኛል።

ደረጃ 6፦ የባለቤቱን አያያዝ ከመኪናዋ ባሕርይ ለዩ

ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መኪና ይዞ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ሲያማርር ትሰማላችሁ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ዘይት ነው። ሲቪቲ ካምቢዮ በብረት ቀበቶና በሁለት ተሽከርካሪ መዘውሮች የሚሠራ ነው፤ ዘይቱ ሲደክም ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት መዘውሩን ይፍቃል፣ ፍቅፋቂው ደግሞ ዘይቱን ይበክለዋል። አንዳንድ ሻጭ «ይሄ ዘይት ዕድሜ ልኩን አይቀየርም» ይላል። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የቀየረ ሰው ምስጋናና ቀይሮ የማያውቅ ሰው ምሬት ስለ አንድ ካምቢዮ የተነገሩ አይደሉም።

የታይሚንግ ቺንጋም (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው ቀበቶ) እንዲሁ ነው። ቺንጋ ያለው ሞተር እንደ ፋብሪካው መመሪያ፣ ብዙውን ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ መቀየር አለበት። በብዙ ሞተሮች ላይ ቢበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል። ያን ያላስቀየረ ሰው «ሞተሯ ብስብስ ነው» ካላችሁ በየትኛውም ክፍል አትመዝግቡት። ባለ ሰንሰለት ሞተር ቺንጋ ባይኖረውም ዘይቱ ካልተቀየረለት ሰንሰለቱ ይላላል፤ ጠዋት ሲነሳ የሚያሰማው መንቆራቆር እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ባለቤቱ ሊያውቀው የማይችለውን ራሳችሁ ፈትሹ

ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ማፈንጃው ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ዓመታት ሲቆይ እየተበላሸ፣ ኤርባጉ ሲከፈት የብረት ስብርባሪ ይረጫል። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ተጠርተዋል፤ ኮሮላ፣ ሲቪክና አኮርድ የመሳሰሉ በአስተማማኝነታቸው የታወቁ ሴዳኖችም አሉባቸው። ባለቤቱ ኤርባጉ ተከፍቶ ካላየ «ምንም ችግር የለባትም» ማለቱ ከልቡ ነው። በሻንሲ ቁጥሩ የፋብሪካውን የመጥሪያ ዝርዝር መመልከት ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 8፦ የሰማችሁትን ይዛችሁ ወደ መኪናዋ ሂዱ

ሙሉ ምርመራ ለመካኒክ ተዉት። የእናንተ ሥራ ወረቀታችሁ ላይ «የታመመ» በሚለው ሥር የተጻፉትን ሁለት ሦስት ነገሮች እዚያችው መኪና ላይ መፈለግ ነው። ዘይት ትበላለች የተባለች ከሆነ፣ ሻጩ ሳያስነሳት ድረሱ፤ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱት። ሙቅ ከሆነ ሌላ ቀን እመለሳለሁ በሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ፣ ከዚያ አስነሱና ከኋላ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው። ሳያቋርጥ የሚወጣ፣ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ነው። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ብን ብሎ የሚጠፋው ግን እርጥበት ነው፣ አትደንግጡ።

ካምቢዮው ከሆነ የተጠረጠረው፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንዱ። ብዙ ካምቢዮ ሳይሞቅ አመሉን አያሳይም። ዳገት ላይ ቁሙና ቀስ ብላችሁ ተነሱ፤ የሞተሩ ድምፅ ሲወጣ መኪናዋ አብራ ካልወጣች ወይም ከተንቀጠቀጠች፣ የኔን የስምንተኛ ወር ታሪክ አስታውሱ።

የመኪናዋን ኮምፒውተርም አስነብቡ። የጥፋት ኮድ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ትናንት ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። በቅርቡ ከተሰረዘ መኪናዋ ራሷን የምትፈትሽባቸው ክፍሎች «ገና አልተጠናቀቀም» እያሉ ያጋልጣሉ። የሚያነበውን ባለሙያ ይህን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ብዙዎቹ ካልተጠየቁ አያሳዩም።

አሁን የምነዳትን ሴዳን ሳያት ሌሎች ሁለት እጩዎች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ታጥበውና ተወልውለው ነው የጠበቁኝ። የሦስተኛዋ ባለቤት ስድስተኛውን ጥያቄ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና ከዳሽቦርዱ ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። ጋራዥ የጻፈላት ነው፦ የፊት እግር ላስቲኮች፣ የራዲያተር ፓምፕ ማፍሰስ ጀምሯል፣ የካምቢዮ ዘይት በሚቀጥለው። ከመጀመሪያው ፊት ለፊት «ተሠርቷል» የሚል ምልክት አድርጋለች፤ የሁለቱ ፊት ለፊት ግን ባዶ ነው። «ያው እንደምታየው፣ ፓምፑን ለሚገዛው ሰው አስተርፌዋለሁ» አለችኝ እየሳቀች። የፓምፑን ተቀናሽ ተነጋግረን ገዛኋት፤ በሳምንቱም አስቀየርኩት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ እዚያው ኪስ ውስጥ ነው፤ ከሥሩ የራሴን መጻፍ ቀጥያለሁ።